የጠቆረው ስክሪንና የእናቴ ጉዞ

ባለፈው ዓመት እህቴ አሜሪካ ወለደች። እናቴም እንደ ብዙ እናቶች «ልጄ አራስ ሆና እኔ እዚህ አልቀመጥም» ብላ ተነሳች። በሶው፣ ሽሮው፣ በርበሬው፣ የገንፎው ዱቄት ተዘጋጀ፤ ሻንጣው ሁለት ጊዜ ተመዘነ። ዕድሜዋ 71 ነው። ብቻዋን አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነበር። የውጭ ቋንቋ ስለማትችል በየአየር ማረፊያው የሚረዳት እንዳይጠፋ ዊልቼር አስመዘገብንላት።

ወንድሜ ደግሞ ቦሌ ሊሸኛት ሲሄድ አንድ ነገር ደጋግሞ አስጠናት። «እማዬ፣ ፊት ለፊትሽ ትንሽ ቴሌቪዥን አለች። አውሮፕላኗ የት እንደደረሰች በካርታ ታሳይሻለች፤ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደቀረም ትነግርሻለች። አምስት ሰዓት ሲቀር የግፊት መድኃኒትሽን ትውጫለሽ» አላት። እሺ አለች።

የመጀመሪያው በረራ በሰላም አለፈ። ትራንዚት አድርጋ የተሳፈረችበት ሁለተኛው አውሮፕላን ግን አሮጌ ነበር። ትንሿ ቴሌቪዥን ከመነሻ እስከ መድረሻ እንደጠቆረች ቀረች። የንባብ መብራቱና አስተናጋጅ የሚጠራው ቁልፍም ከዚያው ጋር የተያያዙ ስለነበሩ አልሠሩም። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ቋንቋዋን አያውቅም። አስተናጋጆቹ በመተላለፊያው ሲያልፉ እናቴ ቀና ብላ ታያቸዋለች፤ «ሥራ ላይ ናቸው፣ አላስቸግርም» ብላ ዝም ትላለች። ውኃ ሳትጠይቅ፣ መድኃኒቷን ሳትውጥ፣ ከወንበሯ ሳትነሳ ከአሥር ሰዓት በላይ ተቀመጠች።

ስትደርስ እግሮቿ አብጠው ጫማ አልገባ ብሏት ነበር። አራስ ልትጠይቅ የሄደች እናት፣ ገና ሦስት ሳምንት በሆናት አራስ ልጇ እግሯ በለብ ያለ ውኃ ታጠበላት። በማግሥቱ ሐኪም አይቷት ደህና መሆኗ ተረጋገጠ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኛ ግን ደነገጥን።

መጀመሪያ የተቆጣሁት በአየር መንገዱ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን የበለጠ የቆጨኝ እኛ ልጆቿ ጉዞዋን በሙሉ በአንዲት ስክሪን ላይ ማንጠልጠላችን ነው። ከዚያ በኋላ ስለነዚህ ስክሪኖች ያነበብኩትን እናቱን፣ አባቱን ወይም ልጁን ለሚሸኝ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ እነሆ አቀርባለሁ።

ትንሿ ቴሌቪዥን ከየት መጣች?

በአውሮፕላን ውስጥ ፊልም በመደበኛነት መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ቲደብሊውኤ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ከኒው ዮርክ ሎስ አንጀለስ በሚበረው አውሮፕላኑ ላይ ለአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች ፊልም ማሳየት ጀመረ። ያኔ ሁሉም ሰው የሚያየው አንድ ትልቅ ሸራ ነበር። በየወንበሩ ጀርባ የተገጠመ ስክሪን በኖርዝዌስት አየር መንገድ አውሮፕላኖች ላይ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሆን፣ ስፋቱ ሦስት ኢንች እንኳ አይሞላም ነበር። በ1990ዎቹ ነገሩ ተስፋፋና ረጅም በረራ ያለ ስክሪን የማይታሰብ ሆነ።

ለልጆች ካርቱን፣ ለአዋቂዎች ፊልም፣ እንደ እናቴ ላሉት ደግሞ ካርታው። ከፊልሙ ይልቅ ካርታውን አፍጥጠው የሚያዩ አዛውንቶች ጥቂት አይደሉም። ትንሿ አውሮፕላን በባሕሩ ላይ ስትንፏቀቅ ማየት «እየቀረብኩ ነው» የሚል መጽናኛ ይሰጣል።

ለምን ይበላሻል?

አንድ አውሮፕላን 20 እና 25 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያገለግላል። ቤታችን ያለውን ቴሌቪዥን ወይም ኪሳችን ውስጥ ያለውን ስልክ እናስብ፤ 15 ዓመት የቆየ ስልክ የሚይዝ ሰው አለ? የአውሮፕላኑ ስክሪን ግን የተነደፈው አውሮፕላኑ ከመገዛቱ ዓመታት በፊት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገና አዲስ ሳለ እንኳ ከገበያው ስልክ ኋላ የቀረ ነው።

«ታዲያ ለምን በአዲስ አይቀይሩትም?» ይባል ይሆናል። አውሮፕላን ላይ የሚገጠም ማንኛውም ዕቃ በእሳት እንዳይቀጣጠል፣ የአብራሪውን መሣሪያዎች እንዳይረብሽ፣ በአደጋ ጊዜ ተሰባብሮ ሰው እንዳይጎዳ ተፈትሾ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ከሱቅ ታብሌት ገዝቶ መለጠፍ አይቻልም። ሁሉንም ለመቀየር ደግሞ ወንበሮቹን መፈታታት፣ ሽቦውን መዘርጋት፣ አውሮፕላኑንም ከሥራ ማቆም ይጠይቃል። ወጪው ከባድ ስለሆነ ብዙዎቹ አየር መንገዶች አውሮፕላኑ እስኪሸጥ ወይም ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አሮጌውን እየጠገኑ ይቆያሉ። የአሮጌው መለዋወጫ ደግሞ ከጊዜ በኋላ መመረቱ ይቆማል።

ያልተበላሸውም ቢሆን ዕረፍት የለውም። በየቀኑ አዲስ ሰው ይነካዋል፤ አንዱ በጣቱ ይደበድበዋል፣ ሌላው ሻይ ያፈስበታል፣ ሕፃን ልጅ ማስቲካ ይለጥፍበታል። የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በተደጋጋሚ ሲሰካና ሲነቀል ይላላል፤ በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማው ለዚህ ነው። የሪሞቱ ገመድ ይጎተታል። በአንዳንድ አውሮፕላኖች ከፊት ካለው ወንበር ሥር እግራችንን የሚከለክለን የብረት ሣጥንም የዚሁ መሣሪያ አካል ነው፤ ሰው በሻንጣው ሲገፋው ገመዱ ይላቀቃል።

አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የስክሪኑ መበላሸት በረራን አያስቀርም። አውሮፕላኑን የሚያበሩት መሣሪያዎችና የመዝናኛው መሣሪያ የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ስክሪኑ ጠቁሮ ያየ ሰው «አውሮፕላኑ ተበላሽቷል» ብሎ መስጋት የለበትም። የደህንነት መመሪያው ቪዲዮ ባይሠራም አስተናጋጆቹ ቆመው በእጃቸው ያሳያሉ።

ከመዝናኛ ያለፈው ጉዳይ

ይህ ሲባል ግን ከመዝናኛው ሽቦ ጋር የተያያዘ ትልቅ ትምህርት ያስተማረ አንድ አሳዛኝ አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2 ቀን 1998 ከኒው ዮርክ ወደ ጄኔቫ ይበር የነበረው የስዊስኤር በረራ ቁጥር 111 በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ አጠገብ ባሕር ውስጥ ወድቆ የ229 ሰዎች ሕይወት አለፈ። አብራሪዎቹ ከተነሱ 53 ደቂቃ በኋላ ያልተለመደ ሽታ ሸተታቸው። መጀመሪያ ከአየር ማቀዝቀዣው የመጣ መሰላቸው። ከዚያ አውሮፕላኑ እስኪወድቅ ያለፈው ጊዜ 21 ደቂቃ ገደማ ነው።

የካናዳ መርማሪዎች ከአራት ዓመት በላይ ፈጅተው እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ዘገባ እሳቱ የተነሳው ከጣሪያው በላይ በነበረ የሽቦ ብልጭታ ሳይሆን እንዳልቀረ፣ በአቅራቢያው የነበረው የመከላከያ ልባስ ሽፋንም በቀላሉ እንደተቀጣጠለ ገለጹ። በብልጭታ የቀለጠ መዳብ ከተገኘባቸው ሽቦዎች አንዱ በቅርብ የተገጠመው የመዝናኛ ሥርዓት ሽቦ ነበር። የመጀመሪያው ብልጭታ የዚያ ሽቦ ብቻ ስለመሆኑ ግን በእርግጠኝነት ማረጋገጥ አልተቻለም። ሌላም ያገኙት ነገር አለ። አብራሪዎቹ በጭስ ጊዜ የተሳፋሪውን ክፍል ኤሌክትሪክ ለማጥፋት የሚጠቀሙበት ማብሪያ ማጥፊያ ይህን የመዝናኛ ሥርዓት አያጠፋውም ነበር፤ ምክንያቱም የተገናኘው ከሌላ መስመር ነው።

ያ ሥርዓት አዲስ እንጂ አሮጌ አልነበረም። ትምህርቱ ግን ለአሮጌውም ይሠራል፤ መዝናኛ ቢሆንም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዕቃ ነው። ከአደጋው በኋላ ስዊስኤር ሥርዓቱን ከአውሮፕላኖቹ አቋረጠ፤ በቀላሉ የሚቀጣጠለውም የልባስ ሽፋን እንዲወገድ ታዘዘ። ስለ ሽቦ አዘረጋገጥና ቁጥጥር የወጡት ደንቦችም ጠበቁ። ይህን የምጽፈው ማንንም ለማስፈራራት አይደለም። ወንበር ሥር ያለውን ገመድ እየጎተቱ «እኔ ላስተካክለው» ማለት ተገቢ እንዳልሆነ፣ መሞቅ፣ የሚቃጠል ሽታ ወይም ብልጭታ ሲኖርም ይሉኝታን ትቶ ወዲያው መናገር እንደሚያስፈልግ ለማስታወስ ነው።

ስልካችን ይተካዋል?

አንዳንድ አየር መንገዶች ስክሪኑን ጭራሽ ወደ መተው ሄደዋል። አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ2017 ለአገር ውስጥ በረራ በሚገዛቸው አዳዲስ አውሮፕላኖች ወንበር ላይ ስክሪን እንደማይገጥም አስታወቀ፤ ተሳፋሪው ፊልሙን በራሱ ስልክ ወይም ታብሌት እንዲያይ ነው። ለወጣቱ ይመቸው ይሆናል። ለአያቶች ግን ስልክ መደወያ ነው፤ ከአውሮፕላኑ ዋይፋይ አገናኝቶ ፊልም መክፈት ሌላ ፈተና ነው።

ስልክም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ስልክ መሙያ ፓወር ባንክ በምንም ዓይነት ከሚጫነው ሻንጣ ጋር አይገባም፤ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚያዘው። በጀርባው የተጻፈው ከ100 ዋት ሰዓት እንዳይበልጥ ማየት ያስፈልጋል። የተለመደው 20 ሺህ ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚለው 74 ዋት ሰዓት ያህል ስለሆነ ችግር የለበትም። ከ2025 ወዲህ ግን በበረራ ላይ ፓወር ባንክ መጠቀምን የከለከሉ አየር መንገዶች ስላሉ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ስልኩ በወንበሩ ክፍተት ውስጥ ቢወድቅ ደግሞ ወንበሩን ማንቀሳቀስ ክልክል ነው። ባትሪው ከተጨፈለቀ እሳት ሊያስነሳ ይችላልና አስተናጋጅ ይጠራ።

ከመሸኘት በፊት

እናትዎን ወይም አባትዎን የሚሸኙ ከሆነ እኛ ያልሠራነውን እርስዎ ይሥሩ።

መድኃኒቱን በስክሪን ሰዓት አይቁጠሩት። ረጅም በረራና የሰዓት ለውጥ ስላለ፣ በተለይ ለስኳርና ለግፊት ታማሚ፣ መቼ መዋጥ እንዳለበት ሐኪሙን ይጠይቁ። ሐኪሙ «እንደ አገሩ ሰዓት ይቀጥል» ካለ፣ የእጅ ሰዓቱ እስኪደርሱ ድረስ በአዲስ አበባ ሰዓት እንደሞላ ይቆይ። መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳ እንጂ በተጫነው ሻንጣ ውስጥ አይሁን።

ወረቀት ያዘጋጁ። በአንድ ወገን አማርኛ፣ በሌላው እንግሊዝኛ ሆኖ፤ «ውኃ ይስጡኝ»፣ «ሽንት ቤት መሄድ እፈልጋለሁ»፣ «ስክሪኔና መብራቴ አይሠራም»፣ «ለመድረስ ስንት ሰዓት ቀረ?»፣ «አሞኛል» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች ይጻፉበት። በጣት ማመልከት ብቻ ይበቃል።

መዝሙሩን፣ መንዙማውን፣ የድሮውን ድራማ ወይም የልጅ ልጆችን ቪዲዮ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርገው ስልኩ ላይ ይጫኑ። የጆሮ ማዳመጫው ባለ ገመድ ቢሆን ይሻላል። በብዙ አሮጌ ስክሪኖች ላይ ባለ ብሉቱዙ አይሠራም፤ ለአንዳንዶቹም ጫፉ ሁለት የሆነ መሰኪያ ያስፈልጋል። ከሕፃን ጋር ለሚጓዙ ወላጆችም ምክሩ ያው ነው። ካርቱኑ ይኖራል ብሎ ባዶ እጅ መሄድ አያዋጣም፤ የተረት መጽሐፍና ማቅለሚያ ባትሪ አይጠይቁም።

ከተሳፈሩ በኋላ

ስክሪኑ እንደማይሠራ ካዩ ቶሎ ይናገሩ። አስተናጋጆች የአንዱን ወንበር ስክሪን ብቻ አጥፍተው እንደገና የሚያስነሱበት መንገድ ብዙ ጊዜ አላቸው፤ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ነው። ካልተስተካከለና ባዶ ወንበር ካለ እንዲያዛውሩ መጠየቅ ነውር አይደለም። መጥሪያው አብሮ ከተበላሸ ደግሞ የግድ ይንገሯቸው፤ ያኔ እየተመላለሱ ያይዎታል።

መናገር ለሚቀጥለው ተሳፋሪም ይጠቅማል። ሠራተኞቹ የተነገራቸውን ብልሽት መዝግበው ለቴክኒሺያን ያስተላልፋሉ። ያልተነገረ ብልሽት ያልተመዘገበ ነውና ነገ በዚያው ወንበር ሌላ እናት ትቀመጥበታለች።

ከሁሉም በላይ ስክሪን ኖረ አልኖረ መንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ከአራት ሰዓት በላይ በሚፈጅ ጉዞ ሳይነሱ መቀመጥ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ተነስቶ በመተላለፊያው ትንሽ መራመድ፣ ተቀምጦም ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፣ ውኃ መጠጣት ይገባል። በተለይ አንዱ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ፈጥኖ ሕክምና ማግኘት ያስፈልጋል።

እናቴ ከስድስት ወር በኋላ ተመለሰች። እህቴ የእጅ ሰዓቷን በአዲስ አበባ ሰዓት ሞልታ፣ ወረቀቷን ጽፋ፣ ስልኳ ላይ የሕፃኑን ቪዲዮ ጭና ሸኘቻት። ቦሌ ስንቀበላት የጠየቅናት ስለ ስክሪኑ ነበር።

«የእኔስ ይሠራ ነበር» አለች። «አጠገቤ የነበሩት አዛውንት ግን ጠቁሮባቸው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ወረቀቴን አውጥቼ ለልጅቷ አሳየኋትና መጥታ አስተካከለችላቸው።»

ጫማዋ እግሯ ላይ ነበር።