በጅማ ምግብ ቤቶች አንድ ጾመኛ የታዘበው

በኅዳርና በታኅሣሥ ወር ወደ ጅማ የሚጓዝ ሰው ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ይገጥሙታል። አንደኛው የቡና አዝመራ ነው፤ ቀዩ እሸት ከዛፍ እየተለቀመ በየደጁ ይሰጣል። ሁለተኛው ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ልደት የሚዘልቀው ጾመ ነቢያት ነው። ለቃሚው፣ ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ደላላው ሁሉ በዚህ ወራት ከቤቱ ውጭ ይውላል፤ ከቤቱም ውጭ ይበላል። እንግዲህ ምግብ ቤቶች በእንግዳ የሚጨናነቁበት ጊዜና የክርስቲያኑ ማዕድ ከሥጋና ከቅቤ የሚለይበት ጊዜ በዚያ አገር በየዓመቱ አብረው ይውላሉ ማለት ነው።

ባለፈው አዝመራ እናቴን ይዤ ከአዲስ አበባ ወደ አጋሮ ተጉዤ ነበር። ምክንያቱም በጎማ ወረዳ የሚኖሩትን የእናቴን ታላቅ ወንድም በሕመማቸው ለመጠየቅ ነው። እናቴ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምሱ፣ ከዘጠኝ ሰዓትም በኋላ የቀረበላቸውን አሽትተው ካላመኑበት እጃቸውን የማይዘረጉ ሴት ናቸው። በዘጠኝ ቀን ውስጥ በመንገድም በከተማም በዐሥራ አንድ ምግብ ቤት ተቀመጥን። የቤቶቹን ስም ከመጥራት ተቆጥቤአለሁ፤ የምጽፈው ለክስ ሳይሆን፣ እንደ እኛ ሽማግሌ ወይም ሕፃን ይዞ የሚጓዝ ቤተ ሰብ ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ እንዲያውቅ ነውና።

ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ያለው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወልቂጤ የክትፎ አገር ስለሆነ የቅቤው ሽታ ገና ከመኪና ሳይወርዱ ይቀበላል። የጊቤን ሸለቆ ወርደንና ወጥተን አውቶቡሱ ለምሳ የቆመበት ቤት ሰፊና ንጹሕ ነበር፤ ሽሮው ግን ጥሬ ጥሬ ይል ነበር። እንዲህ ባለው ቤት ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ይገባል፣ በአንድ ጊዜም ይወጣል፤ ስለዚህ ሽሮው ሳይንተከተክ ከእሳት ይወርዳል። እናቴ ሰዓታቸው ስላልደረሰ አልቀመሱትም፤ አልቀረባቸውም።

ሰኮሩን፣ አሰንዳቦንና ሰርቦን አልፈን ጅማ የገባነው ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። እናቴ ደክሟቸው ስለ ነበር ከመናኸሪያው ብዙም ሳንርቅ ባገኘነው የመጀመሪያ ቤት ተቀመጥን። በግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሏል፤ በበሩም ላይ «የጾም ምግብ አለ» የሚል ጽሑፍ ነበረ። ይህን አይተን ልባችን ዐረፈ። በየዓይነቱ አዘዝን። እንጀራው መልካም ነበር፤ ጎመኑ፣ ድንቹና ቀይ ሥሩም በወጉ ተደርድረው መጡ። እናቴ ግን ምስር ወጡን አንድ ጊዜ ተመልክተው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ልጄ፣ ይህ ወጥ ቅቤ ነክቶታል» አሉ አስተናጋጇን።

ልጅቱ የጾም መሆኑን ማለች። እናቴም ሳይቆጡ «አትማዪ፤ ጭልፋው የት እንደ ገባ ብቻ ጠይቂልኝ» አሏት። ልጅቱ ወደ ማድ ቤት ሄዳ ስትመለስ ፊቷ ተለውጦ ነበር። ለካስ ከቀይ ወጡ ድስት የወጣው ጭልፋ ሳይታጠብ ወደ ምስሩ ይገባ ኖሯል። እናቴ ደረቁን እንጀራ በውሃ በልተው ተነሡ። ባለቤቲቱ ሒሳቡን ሙሉውን ተቀበለችን። ከማለዳ ጀምሮ ጾመው የዋሉ እናት በዘጠኝ ሰዓት በደረቅ እንጀራ ሲነሡ ማየት ለልጃቸው ምን ማለት እንደ ሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

ይሁን እንጂ ነገሩን በርጋታ ካሰብነው አብዛኛው ጥፋት ከክፋት የሚመጣ አይደለም። እስከ ዘጠኝ የሚጾም ሰው ወደ ምግብ ቤት የሚገባው የምሳው ግርግር ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የጾሙ ድስት ተሟጥጧል፤ እሳቱ ሞቷል፤ ወጥ ሠሪዋም ቁጭ ብላ ነፍሷን እየመለሰች ነው። የቀረው በረዶ የመሰለ ሽሮና ለስድስት ሰዓት የተሠራው ጎመን ብቻ ነው። እኛ ከሁለተኛው ቀን በኋላ ዘዴ አገኘን። በረፋድ ወደ ቤቱ ጎራ ብለን «ለዘጠኝ ሰዓት የሁለት ሰው የጾም ወጥ በትንሽ ድስት ለይታችሁ አስቀምጡልን» እያልን እናዝ ነበር። እምቢ ያለን ቤት አንድ ብቻ ነው።

ዘዴውንም የተማርነው በኪቶ ፉርዲሳ ነው። በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ትምህርቱን የሚሰጠው በዚህ ሰፈር ነው። ከግቢው በር ውጭ በቆርቆሮና በጭቃ የተሠሩ ትንንሽ ምግብ ቤቶች አሉ። ደንበኞቻቸው በግቢው አዳራሽ መመገብን ትተው የምግባቸውን ገንዘብ በእጃቸው የሚቀበሉ፣ ራሳቸውን «ነን ካፌ» ብለው የሚጠሩ ተማሪዎች ናቸው። የእኅቴ ልጅ እዚያ ስለሚማር እርሱ ወሰደን። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ደጁን አይቼ መመለስ አሰኝቶኝ ነበር። አግዳሚው ይወዛወዛል፤ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፤ እጅ መታጠቢያው አጠገብ ሳሙና የለም፤ ይህንም ጉድለት ለባለቤቲቱ ነግሬአታለሁ።

ሽሮው ግን በሸክላ ድስት እየተንተከተከ መጣ። እናቴ አሸተቱ፤ ከዚያም በሉ። በኋላም እንደ ልማዳቸው ማድ ቤቱን ካላየሁ ብለው ገቡ። ባለቤቲቱ ሁለት ጭልፋ አላት፤ የጾሙ ጭልፋ እጀታው ላይ ነጭ ክር ታስሮበታል፤ የሚሰቀልበትም ምስማር ለብቻው ነው። ይህን ማን እንዳስተማራት እናቴ ሲጠይቋት «ተማሪዎቹ ናቸው፤ ከየአገሩ የመጡ የእናት ልጆች ስለ ሆኑ ሳይጠይቁኝ አይበሉም» አለች። በጅማ ከተማ ከተመገብንባቸው ቤቶች ሁሉ ርካሹ ይህ ነበር፤ እኔም በመጀመሪያ ረድፍ የማስቀምጠው ይህንኑ ነው።

ትልልቆቹ ሆቴሎች በንጽሕናና በመስተንግዶ ይበልጣሉ፤ ወንበራቸው አያሳማም፤ ውሃቸውም አይቋረጥም። በጾም ቀን የሚያቀርቡት ግን ከፓስታና ከአትክልት ሩዝ እምብዛም አያልፍም። ፓስታው የመጣው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጅማን የአስተዳደር ማዕከል አድርጎት ከነበረው ከጣልያን ጋር ነው ይባላል፤ ጠላት ሄደ፣ ፓስታው ቀረ። በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት በወጉ ሲሠራ የሚጠላ አይደለም። ነገር ግን በአንደኛው ሆቴል በዘይት ተጥለቅልቆ ስለ ቀረበልኝ በሹካ ለመያዝ ተቸገርሁ።

ቡናን በሚመለከት ደግሞ የሚያሳዝን ነገር አለ። በቡና አገር መካከል ተቀምጬ በዚያው ሆቴል የቀረበልኝ የመኪና ቡና የከሰለና የሚመር ነበር። ከአገራችን የቡና ምርት ግማሽ ያህሉ በአገር ውስጥ እንደሚጠጣ ይነገራል፤ ለውጭ ገበያ የሚበቃው ጥሩው ፍሬ በአገር ውስጥ እንዳይሸጥም ሕግ ሲከለክል ኖሯል። ይህ ከፊል ምክንያት ይሆናል። ሆኖም ከሆቴሉ ማዶ ሣር ጎዝጉዛ፣ ጀበና ጥዳ የተቀመጠች ሴት በእጇ ቆልታ፣ በሙቀጫ ወቅጣ፣ ጤና አዳም ነክራ የሰጠችኝ ቡና እንኳን ድካሜን ቅሬታዬንም አስረሳኝ። ስለዚህ ወደ ጅማ የሚሄድ ሰው ምግቡን በፈለገበት ይብላ፤ ቡናውን ግን በረከቦት ዳር ተቀምጦ ይጠጣ።

አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በአዝመራ ጊዜ ከተማው ሁሉ ጀንፈል ጀንፈል ይሸታል። እዚያ የደረስነው በዓርብ ቀን ነው። በጅማ አካባቢ የእስላሙና የክርስቲያኑ ዕርድ የተለያየ ስለ ሆነ ምግብ ቤቱም በምልክት ይለያል። እኛ የፈለግነው የክርስቲያን ቤት በመጋዘንነት ተከራይቶ አገኘነው፤ በጆንያ ተሞልቷል። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ እናቴም መንቀጥቀጥ ጀምረዋል። ስለዚህ በአንዲት ሙስሊም ሴት ቤት ገባን። እኔ ሥጋ ሳይሆን አትክልት ብቻ እንደምንፈልግ አስረዳሁ።

ሴትዮዋ እናቴን ተመልክታ «እማማ፣ ዛሬ ጾም ነዎት?» አለች።

«አዎን፣ ልጄ።»

«እንግዲያማ የተሠራውን አልሰጥዎትም። ድስቶቼን ሁሉ ቅቤ ነክቷቸዋል። ጥቂት ቢታገሡኝ በአዲስ ድስት አበስልልዎታለሁ።»

ከጎረቤት አዲስ የሸክላ ድስት ተውሳ፣ ጎመንና ድንች ከትፋ፣ ዘይቱን በፊታችን ከፍታ ሠራች። አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ሌሎች ደንበኞች ሲጠሯት «ጾመኛ አለብኝ» እያለች ታስታግሣቸው ነበር። ከፍትፍቱ ፊቱ የሚባለው ይህ ነው። ስለ ምግቡም የታዘብሁትን እንዳልደብቅ፣ ጨው በዝቶበት ነበር፤ እንጀራውም እጅግ የኮመጠጠ ነበር። እናቴ ግን እስከ ዳሩ ጠርገው በሉ። ሴትዮዋ አጠገባቸው በርጩማ ስባ ተቀምጣ በረመዳን እርሷም ማዕድ ዘርግታ ምሽት የምትጠብቅ መሆኗን ስታጫውታቸው፣ እናቴ በሳቅ «እኛ ዘጠኝ ሰዓት፣ እናንተ ማታ፤ ታዲያ ማን ይበልጣል?» አሏት። ሒሳብ ስንጠይቃት የሽሮ ዋጋ ብቻ ተቀበለች።

በአጎቴ ቤት የቆየነው ሦስት ቀን ነው። የቡና መገኛ ናት ከምትባለው ከጮጬ የመጡ ጎረቤቶች ስለ ታማሚው ክብር ቡና ቀላ አቀረቡ፤ ይኸውም የቡናው ፍሬ በቅቤ ተጠብሶ የሚቀርብ የአገሩ ክብር ማዕድ ነው። እናቴ ጾም መሆኑን ነግረው አመሰገኑ፤ ለእርሳቸውም የተቀቀለ ጎደሬ በአዋዜ መጣ። እንዴት ያለ መልካም የጾም ምግብ ነው! ይህን ሥር በዚያ አገር ገበያ ሁሉ ያገኙታል፤ በዐሥራ አንዱም ምግብ ቤቶች ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልቀረበልንም። አንዱን ባለ ቤት ብጠይቀው «የድኻ ምግብ ነው፤ እንግዳ ይሰድበናል» አለኝ። በገዛ ጓሮው የበቀለውን ትቶ ከሩቅ የመጣ ፓስታ በዘይት ሲያጥለቀልቅ መዋሉ ግን አላሳፈረውም።

ስንመለስ ጅማ አድረን በማለዳ ወደ መናኸሪያው ሄድን። መኪናው እስኪሞላ ድረስ ጊዜ ነበረን። እናቴ ምንም ሳይሉኝ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደዚያ ወደ መጀመሪያው ቤት አመሩ። የምንጣላ መስሎኝ ተከተልኋቸው። ባለቤቲቱ ወዲያውኑ ዐወቀቻቸው፤ ደነገጠችም። እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በኪቶ ፉርዲሳ ያዩትን የሁለት ጭልፋ ነገር አጫወቷት። ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ከዚያም «እማማ፣ በአዝመራ ጊዜ ከንጋት እስከ ሌሊት የምንሠራው ሦስት ነን፤ ለተጨማሪ ድስት የሚሆን ከሰል መግዛት አልቻልሁም። ጭልፋውስ እውነት ነው፣ ለጭልፋ ምክንያት የለኝም» አለች።

እናቴ ከነጠላቸው ጥለት ዳር አንድ ነጭ ክር መዝዘው ሰጧት። የዚያን ዕለቱን ሒሳብ ልትመልስ ብላ ነበር፤ አልተቀበልናትም። ሻይ ግን አጠጣችን። ረዳቱ «ወልቂጤ! አዲስ አበባ!» እያለ ሲጣራ ተነሥተን ስንወጣ፣ በመስኮቱ በኩል አስተናጋጇ ክሩን በጭልፋው እጀታ ላይ በጥርሷ እያጠበቀች ስታስር አየኋት።