ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን እየወሰዳችሁ ሕመም ቢመጣስ?



ዛሬ ሰው በኢንቦክስ እንጂ በአደባባይ የማይጠይቀውን ጉዳይ ላንሳ። ጥያቄው ከሞላ ጎደል እንዲህ ነው፦ «ዶክተር፣ የምኖረው ውጭ ሀገር ነው። ከማስታገሻ ሱስ ለመውጣት መድኃኒት ጀምሬያለሁ። አሁን ጥርሴን ልነቀል ነው። ለጥርስ ሐኪሙ ልንገረው? ወይስ መድኃኒቱን ለጥቂት ቀን አቁሜ ዝም ልበል?»

አጭሩ መልስ፦ ንገሩት፤ መድኃኒቱን ደግሞ በራሳችሁ አታቁሙ። ለምን እንደሆነ ቀስ ብለን እንየው።

የምናወራው ስለ የትኞቹ መድኃኒቶች ነው?

ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ኮዴይን፣ ትራማዶል፣ ኦክሲኮዶን፣ ፌንታኒልና ሄሮይን ሁሉም ኦፒዮይድ የሚባለው ቤተሰብ አባላት ናቸው። እኛ ሀገር ብዙ ሰው የሚያውቀው ትራማዶልን ነው። ለወገብ ሕመም ተብሎ ይጀመርና ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲቀጥል ሳይታወቅ ሱስ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ሱስ ሕክምና በዋናነት ሦስት መድኃኒቶች አሉ። ሜታዶን አብዛኛውን ጊዜ በየቀኑ የሚጠጣ ፈሳሽ ነው። ቡፕረኖርፊን ምላስ ሥር ይሟሟል፤ ከናሎክሶን ጋር የተቀላቀለውን ብዙዎቻችሁ ሰቦክሶን በሚለው ስሙ ታውቁታላችሁ። ሦስተኛው ናልትሬክሶን ነው፤ እሱ ከሁለቱ በጣም ስለሚለይ ለብቻው እመለስበታለሁ።

«አንዱን ሱስ በሌላ ሱስ መተካት ነው» የሚለውን ወሬ ሰምታችሁ ይሆናል። አይደለም። ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን በትክክለኛ መጠን ሲወሰዱ ሐራራውን ያረጋጋሉ፤ ሰውየው ሥራውን ይሠራል፣ ልጆቹን ያሳድጋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2005 አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷቸዋል።

«መድኃኒቱ ራሱ ማስታገሻ አይደል እንዴ?»

እዚህ ላይ የሚሳሳቱ የጤና ባለሙያዎችም አሉ። ጠዋት የተወሰደ ሜታዶን ሐራራውን ለ24 ሰዓት ያህል ይይዛል። ሕመም የማስታገስ አቅሙ ግን በ8 ሰዓት ገደማ ውስጥ ያልቃል። ቡፕረኖርፊንም እንዲሁ ነው። በዚያ ላይ ሰውነት የየቀኑን መጠን ተላምዶታል። ኦፒዮይድ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ነርቮቹ ለሕመም ይበልጥ ስሜታዊ ሊሆኑም ይችላሉ።

ስለዚህ ይህ ሰው «አመመኝ» ሲል እውነቱን ነው። «መድኃኒት ፈልጎ ነው» ብሎ ማለፍ ሕክምና አይደለም።

ማቆም ለምን አደገኛ ነው?

መጀመሪያ፣ በሕመሙ ላይ ሌላ ሕመም ይጨመራል፦ ላብ፣ ተቅማጥ፣ የአጥንት ቁርጥማት፣ እንቅልፍ ማጣት። ከዚያ ሐራራው ይመለሳል። ትልቁ አደጋ ግን ሌላ ነው። መድኃኒቱ ሲቆም ሰውነት የነበረው ልምምድ ይቀንሳል፤ ሰውየው ወደ ድሮው መጠን ከተመለሰ ያ መጠን አሁን ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ሰው የሚሞተው እንዲህ ነው።

ቀደም ሲል ከቀዶ ሕክምና በፊት ቡፕረኖርፊን ማስቆም የተለመደ ነበር። አሁን ለአብዛኛው ታካሚ የሚመከረው መቀጠል ነው። ሜታዶንም አይቆምም፤ የቀዶ ሕክምናው ቀን ጠዋትም፣ ሐኪሙ ሌላ ካላለ በስተቀር፣ ይወሰዳል።

ታዲያ ሕመሙ በምን ይታከማል?

1. ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን። «ይሄማ ምን ያደርጋል!» እንዳትሉ። ከጥርስ ነቀላ በኋላ ሁለቱ አንድ ላይ ሲወሰዱ በደንብ ይሠራሉ። ፓራሲታሞል ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ከ8 ፍሬ፣ አይለፍ። ጉበቱ የታመመ ወይም አልኮል የሚያበዛ ሰው መጠኑ ከዚህ ያንሳል፤ ሐኪሙን ይጠይቅ። አይቡፕሮፌን ከምግብ ጋር ነው፤ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድና ነፍሰ ጡር ሳያማክሩ አይውሰዱት።

2. የቦታ ማደንዘዣ። ለጥርስ፣ ለተሰበረ አጥንት፣ ለወሊድ። ነርቭ ላይ የሚሰጥ ማደንዘዣና ኤፒዱራል የየቀኑ መድኃኒታችሁ ስላለ ሥራቸውን አያቆሙም።

3. የየቀኑን መጠን መከፋፈል። በቀን አንዴ የሚወሰደውን ሐኪሙ ለሦስት ወይም ለአራት ጊዜ ሊከፍለው ይችላል። ማስታገስ የሚችልበት ሰዓት አጭር ስለሆነ ይህ ብቻውን ለውጥ የሚያመጣበት ጊዜ አለ። ቤት ውስጥ በራሳችሁ ግን አትሞክሩት።

4. ተጨማሪ ኦፒዮይድ። ለከባድ ቀዶ ሕክምና ወይም አደጋ ሆስፒታል ውስጥ፣ በክትትል፣ በየቀኑ መድኃኒት ላይ ሊጨመር ይችላል። ከሌላው ሰው የበለጠ መጠን ቢያስፈልጋችሁ አይግረማችሁ፤ ልምምዱ ነው። ወደ ቤት ስትሄዱ ለጥቂት ቀን ብቻ እንዲታዘዝላችሁ ጠይቁ፤ የምታምኑት ሰው ቢይዝላችሁ ደግሞ ጥሩ ነው።

ከምን ልጠንቀቅ?

• ከሰፈር ፋርማሲ ከሚገዛ ትራማዶል። ራሱ ኦፒዮይድ ነው፤ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥም ሊያመጣ ይችላል።

• ከፔንታዞሲንና ከናልቡፊን። ሜታዶን ለሚወስድ ሰው ከሰጡት በደቂቃዎች ውስጥ ከባድ የማቋረጥ ሕመም ሊጭሩበት ይችላሉ።

• ከአልኮል፣ ከዳያዜፓምና ከእንቅልፍ መድኃኒቶች። ከኦፒዮይድ ጋር ሲደመሩ ትንፋሽን ያዳክማሉ። ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊንም ሐኪም ሳያውቅ አይጨመሩ።

• ሜታዶን የምትወስዱ ሰዎች፦ የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን፣ እንዲሁም የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን ሜታዶንን ከደም ውስጥ ቶሎ ያስወግዱታል። ሐራራው በድንገት ሊመለስ ይችላል። የፈንገስ መድኃኒቱ ፍሉኮናዞል ደግሞ በተቃራኒው መጠኑን ከፍ ያደርጋል፤ የልብ ምትንም ሊያዛባ ይችላል። አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ ሁለቱም ሐኪሞች ይወቁ።

ናልትሬክሶን ለብቻው

ናልትሬክሶን ኦፒዮይድን ይዘጋል። እሱን የወሰደ ሰው ሞርፊን ቢሰጠው ላይሠራለት ይችላል። የታቀደ ቀዶ ሕክምና ካለ እንክብሉ ቢያንስ 3 ቀን ቀድሞ፣ ወርኃዊ መርፌው ደግሞ ወደ 4 ሳምንት ቀድሞ የሚቆምበት ሁኔታ አለ፤ ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ድንገተኛ አደጋ ከሆነ ወዲያው ተናገሩ፤ ሌላ መንገድ አለ። «ዶዙን ከፍ አድርጌ አሸንፈዋለሁ» ማለት ግን ሕይወት የሚያስከፍል ሙከራ ነው።

እንዴት ልናገር?

አውቃለሁ፣ ይህ ከሁሉም ይከብዳል። እኛ ሀገር ሰው ሐኪም ጋ ብቻውን አይሄድም፤ እህት፣ አክስት፣ ጎረቤት አብሮ ይገባል። «ዶክተር፣ ለብቻችን ላናግርዎት?» ማለት በቂ ነው። አፍ እምቢ ካለ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡ፦ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የወሰዳችሁበት ሰዓት፣ የክሊኒካችሁ ስልክ።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ሆስፒታል ስትተኙ ሐኪሞቹ ክሊኒካችሁ ጋ ደውለው መጠኑን ያረጋግጣሉ፤ ስልኩ ዝግጁ ይሁን። እንግሊዝኛው ካስቸገረ ልጃችሁ ወይም ዘመዳችሁ እንዲያስተረጉም አትገደዱም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ምስጢራችሁን ከቤተሰብ ጆሮ ለማራቅ ይህን መብት ተጠቀሙበት።

ለእረፍት ሀገር ቤት የምትመጡ ደግሞ እነዚህ መድኃኒቶች እዚህ ፋርማሲ ገብታችሁ የምትገዟቸው አይደሉም። የሐኪም ደብዳቤ ያዙ፤ መድኃኒቱም ከነማሸጊያው ይሁን፤ የምትገቡበትንም የምታልፉበትንም ሀገር ሕግ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የገልፍ ሀገራት በዚህ ጥብቅ ናቸው፤ ዩናይትድ አረብ ኤምሬትስ አስቀድሞ ፈቃድ ትጠይቃለች።

ለቤተሰብ፦ ይህን ካያችሁ አትጠብቁ

ስትቀሰቅሱት የማይነቃ ሰው፣ በጣም የዘገየ ወይም የሚቆራረጥ ትንፋሽ፣ ያልተለመደ ከባድ ማንኮራፋት፣ የጠቆረ ወይም የሰማየ ከንፈር። «ይተኛ፣ ደክሞት ነው» አትበሉ። አምቡላንስ ጥሩ ወይም ቅርብ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ናሎክሶን በእጃችሁ ካለ ስጡት፤ ከሰጣችሁት በኋላም ቢነቃ ሆስፒታል መሄዱ አይቀርም፤ የናሎክሶን ኃይል ከሜታዶን ቀድሞ ያልቃል።

ሱሱን ለመተው የጀመራችሁት ሕክምና «ሕመምን ቻሉት» ማለት አይደለም። ሕመማችሁ እንደማንኛውም ሰው ሊታከም ይገባል፤ ሐኪሙ ግን የሚወስዱትን ካላወቀ በደህና ሊያክማችሁ አይችልም።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፤ መጠን ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። የሚያስፈልገው ሰው ካለ በአደባባይ ስሙን ሳትጠቅሱ በውስጥ መስመር ላኩለት።