ፀረ አረምን የሚቋቋም ሩዝ፦ ጥቅሙ እስከ መቼ ይዘልቃል?

ሩዝ አምራቾችን እጅግ የሚፈትነው አረም ራሱ ሩዝ የሆነው ነው። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች "ቀይ ሩዝ" የሚባለው አረም ከሰብሉ ጋር አንድ ዝርያ በመሆኑ በቡቃያነቱ በዓይን ለመለየት ያስቸግራል። አረሙን የሚገድለው ኬሚካልም ሰብሉን አብሮ ይገድላል።

ተመራማሪዎች መፍትሔውን ያገኙት በዘረመል ውስጥ ነው። ዕፅዋት ለፕሮቲን መሥሪያ የሚሆኑ ሦስት አሚኖ አሲዶችን የሚያዘጋጅ አንድ ኢንዛይም አላቸው። ኢሚዳዞሊኖን የተባሉት ፀረ አረም ኬሚካሎች በዚህ ኢንዛይም ላይ ተጣብቀው ሥራውን ሲያስቆሙት ተክሉ ፕሮቲን መሥራት ተስኖት ይሞታል። በሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተገኘው ሩዝ ግን ኢንዛይሙን በሚያሠራው ጂን ላይ ትንሽ ለውጥ ነበረው። ኢንዛይሙ ሥራውን ይቀጥላል፤ ኬሚካሉ ግን የሚጣበቅበትን ቦታ ያጣል። ለውጡ የመጣው ዘርን በኬሚካል በማከምና የተረፈውን በመምረጥ እንጂ የሌላ ፍጥረት ጂን በማስገባት አይደለም። ዝርያው "ክሊርፊልድ" ተብሎ እ.አ.አ በ2002 ለገበያ ቀረበ።

ጥቅሙ ግን ብዙ ሳይቆይ መሸርሸር ጀመረ። ሩዝ በአብዛኛው በራሱ የአበባ ብናኝ የሚያፈራ ቢሆንም ጥቂቱ ወደ ጎረቤት ተክል ይሻገራል። በዚህ መንገድ ጂኑ ወደ ቀይ ሩዝ ገባ። ኬሚካሉ ሌላውን አረም ሲያጠፋ ጂኑን የያዘው ብቻ ተርፎ ዘሩን በማሳው ላይ በተነ። ስለዚህ አምራቾች ዝርያውን በተከታታይ ዓመታት እንዳይዘሩና ከአኩሪ አተር ጋር እንዲያፈራርቁ ይመከራሉ።

ችግርን የሚያስችሉ ጂኖች ሁሉ በአንድ መንገድ አይሠሩም። ከሕንድ ነባር ዝርያ የተገኘው "ሰብ ዋን ኤ" የተባለው ጂን የሌሎችን ጂኖች ሥራ የሚቆጣጠር ነው። ሩዙ በጎርፍ ሲዋጥ ወደ ላይ ለመመዘዝ የሚያደርገውን ጥረት ገትቶ ስንቁን ያስቆጥበዋል። ተክሉም ለሁለት ሳምንት ያህል በውኃ ውስጥ ቆይቶ፣ ውኃው ሲሸሽ እንደገና ያቆጠቁጣል። ጂኑ የገባበት "ስዋርና ሰብ ዋን" የተባለው ዝርያ በሕንድ እ.አ.አ በ2009 ተለቅቋል።

ጉዳዩ ለፎገራም ቅርብ ነው። በጣና ዙሪያ የሚገኘው ይህ ሜዳ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ ሩዝ የተስማማውም በዚሁ ምክንያት ነው። በአካባቢው የሰብሉ ዘመድ የሆነ የዱር ሩዝም በተፈጥሮ ይበቅላል። ስለዚህ ፀረ አረምን የሚቋቋም ዘር ወደ እንዲህ ያለ ስፍራ ከመግባቱ በፊት ጂኑ ወደ ዱሩ ዘመድ የመሻገር ዕድሉ ሊመዘን ይገባል።

ምንም ዓይነት ዘር የማሳ አያያዝን አይተካም። ንጹሕ ዘር መጠቀም፣ ከኬሚካል የተረፈውን አረም ዘር ሳይበትን መንቀል፣ አንድ ዓይነት ኬሚካል በየዓመቱ አለመደጋገምና ሰብል ማፈራረቅ የጂኑን ዕድሜ ያረዝማሉ። ጂኑ ለአርሶ አደሩ ጊዜ ይገዛለታል፤ ጊዜውን የሚያስረዝመው ግን የአርሶ አደሩ አያያዝ ነው።