ጎማውን የበላው ማን ነው?

አጎቴ ከአቦምሳ አዳማ ሚኒባስ ይሠራል። ክረምት ላይ ቤት ስሄድ የፊት ጎማው በውስጥ ጠርዙ ብቻ ተልጦ አገኘሁት። «ሁለቴ አላይመንት አሠራሁ፤ ሁለቴም ገንዘቤን በላኝ» አለኝ። እኔ የጋዜጠኝነት ተማሪ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ግን መጠየቅ ሥራዬ ነውና አብሬው ጋራዥ ሄድኩ።

ውድ አንባብያን፣ ጎማ ከፊት ሲያዩት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ ካምበር ይባላል። አናቱ ከልክ በላይ ወደ ውስጥ ካዘነበለ የውስጡ ጠርዝ ቶሎ ያልቃል። ጎማውን በልኩ የሚይዙት ደግሞ ክንዶቹ፣ ጎሚኒዎቹና ቦል ጆይንቶቹ ናቸው። ጎሚኒ ከተበላ ወይም ቦል ጆይንት ከላላ ማሽኑ ያስተካከለው ልክ ጉድጓድ ሲገባ ይጠፋል። ሞላ ሲደክምም መኪናው ዝቅ ስለሚል ካምበሩ ይለወጣል።

መካኒኩ መኪናውን በክሪክ አንስቶ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቀው፤ ተወዛወዘ። ቦል ጆይንቱ አልቋል! በጉዞ ላይ ቢወልቅ ጎማው ይታጠፋል፤ ተሳፋሪ የጫነ መኪና ደግሞ መሪ አይታዘዝም።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ያለቀውን መቀየር፣ ከዚያ አላይመንት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ?