ባስ ጊታር መቺው ማን ነው?

ከሐይቅ ገበያ ስትመለሱ ከሻይ ቤት ዘፈን ሲወጣ ሰምታችኋል። ደጁ ላይ ስትቆሙ ዘፋኙ ይለያል፤ ስሙንም ታውቁታላችሁ። ራቅ ስትሉ ግን የሱ ድምፅ ይጠፋና አንድ ወፍራም ድምፅ ብቻ ይከተላችኋል። ከበሮ ይመስላል፤ ነገር ግን ዜማ አለበት። ይህ የባስ ጊታር ድምፅ ነው።

ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር አለው። ባስ ጊታር አብዛኛውን ጊዜ አራት ብቻ ነው ያለው፤ ክሮቹ ግን የብረት፣ ወፍራምና ረጃጅም ናቸው። ክር ሲወፍርና ሲረዝም ቀስ ብሎ ይርገበገባል፤ ድምፁም ይወፍራል። የከበሮን ሰፊና ጠባብ ፊት መትታችሁ ብታወዳድሩ ነገሩ ይገባችኋል። ክራር በቆዳ የተወጠረ ሆድ ስላለው ድምፁን ራሱ ያጎላል። የባስ ጊታር እንጨት ግን ድፍን ነው። ስለዚህ ከክሮቹ ሥር ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት አለ። ክሩ ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይነሣል፤ እሱም በገመድ ወደ ድምፅ ማጉያው ይሄዳል። መብራት ጠፋ ማለት ባስ መቺው ሥራ ፈታ ማለት ነው። ክራር ደርዳሪ ይህ ችግር የለበትም!

በደቦ ጊዜ አውጪ አለ፣ ተቀባይ አለ። ተቀባዮቹ ዝም ቢሉ አውጪው ብቻውን የት ይደርሳል? የባስ መቺም ሥራ እንደ ተቀባዩ ነው። ዛሬ ለአንዱ ዘፋኝ፣ ነገ ለሌላው ይመታል። በካሴት ዘመን ግን ልባሱ ላይ ጎልቶ የሚታየው የዘፋኙ ፎቶግራፍ ነበር። በአሜሪካም እንዲሁ ነው። በዲትሮይት ከተማ ጄምስ ጄመርሰን የሚባል ጥቁር ባስ መቺ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓለም የሰማቸውን ብዙ የሶል ዘፈኖች መታ። ሆኖም እስከ 1971 ድረስ ስሙ በሸክላዎቹ ላይ እምብዛም አይጻፍም ነበር። ዘፈኑ ሲሸጥ የሱ ላብ አብሮ ተሽጧል፤ ስሙ ግን ቀርቷል። ይህ ለኛ ትክክል አይመስለንም።

በአገራችንም መላኬ ገብሬ በዋልያስ ባንድ፣ ጆቫኒ ሪኮ ደግሞ በአይቤክስ ባንድ ባስ ይመቱ ነበር። አይቤክስ በኋላ ሮሃ ተባለ፤ ሮሃ የላሊበላ የጥንት ስም መሆኑን ታውቃላችሁ። ሮሃ ብዙ ዘፋኞችን እያጀበ በርካታ ካሴቶች ሠርቷል። በዚያ ሁሉ ሥር የጆቫኒ ጣት አለ።

አሁን ወደ እናንተ አገር እንመለስ። ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶቻችን አንዱ በተራራችሁ ስም አምባሰል ይባላል፤ የወሎዋ ማሪቱ ለገሰ በዚሁ ዜማ ትታወቃለች። ቅኝቱ አምስት ድምፅ ነው ያለው። ባስ መቺው ከአምስቱ ወጥቶ ሌላ ድምፅ ቢነካ፣ ዜማው አምባሰል አምባሰል አይልም፤ ጨው እንደበዛበት ወጥ ይሆናል። የፈረንጅ ሙዚቃ ጠንቅቆ ያወቀ ሰው እንኳ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ጎበዙ ባስ መቺ ጥቂት ድምፆችን መርጦ እየመላለሰ ይመታል፤ ዘፋኙም በላዩ እንደልቡ ይሄዳል።

ማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ»ን ከአይቤክስ ጋር የተጫወተው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ሬዲዮ ሲያሰማችሁ ማሕሙድን ለጊዜው ተዉትና ከሥር ያለውን ወፍራም ድምፅ አዳምጡ። እሱ ጆቫኒ ሪኮ ነው።