ባሕር የሌላት ባኮ ወደቧ የት ነው?

 

ከአምቦ ወደ ነቀምቴ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ባኮን ያውቃታል፤ በቆሎዋን፣ በርበሬዋን፣ የግብርና ምርምር ማዕከሏን። ገበሬው «ቢኤች» እያለ የሚጠራው የበቆሎ ዘር ስሙን ያገኘው ከእርሷ ነው፤ «ባኮ ሃይብሪድ» ከሚለው። ዘሩ የባኮ ቢሆንም ማዳበሪያው ግን ከሩቅ ይመጣል። ዩሪያውም ሆነ ኤንፒኤሱ በመርከብ ተጭኖ፣ ጅቡቲ ላይ ወርዶ፣ በጋላፊ፣ በአዋሽ፣ በአዲስ አበባና በአምቦ አልፎ፣ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው ባኮ የሚደርሰው። ሱቅ ውስጥ ያለው ስልክ፣ የባጃጁ ጎማ፣ ጣሪያ ላይ ያለው ሶላርም የመጣው በዚያው በር ነው።

ስለዚህ ባኮም ወደብ አላት። በዶርም ስለ ወደብ ሲወራ ብዙ ጊዜ ክርክሩ «የማን ነው?» በሚለው ይጀምርና እዚያው ላይ ያልቃል። በዚህ ጽሑፍ ሌላ ጥያቄ እናነሳለን፤ ዕቃ አንዱን በር ትቶ በሌላው የሚገባው ለምንድን ነው? ይህን ስንረዳ የመጀመሪያውንም ጥያቄ ረጋ ብለን ለመነጋገር ይቀለናል።

ከሹዓይባ እስከ አሰብ

መድረሳ የቀራን ሁሉ ሹዓይባ የሚለውን ስም በሲራ ትምህርት ሰምተነዋል። የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች እ.ኤ.አ. በ615 ወደ ነጃሺ አገር ሲሰደዱ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ወርደው፣ ሹዓይባ ላይ ሁለት የንግድ መርከቦች አግኝተው፣ በግማሽ ዲናር ተሳፍረው እንደተሻገሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ያኔ የመካ ወደብ ሹዓይባ ነበረች። በ26ኛው ዓመተ ሂጅራ ግን ኸሊፋው ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) የመካ ሰዎች ጠይቀዋቸው ወደቡን ወደ ጂዳ አዞሩት። ጂዳ ለመካ ትቀርባለች። የሹዓይባ ባሕር ያው እንደነበረ ነው፤ ነጋዴና ሑጃጅ ግን አጭሩን መንገድ ተከተሉ።

በእኛም አካባቢ ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት የኢፋትና የአዳል ሱልጣኔቶች፣ በኋላም የሐረር ንግድ በር ዘይላ ነበረች። ኢብን ባጡጣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ጎብኝቷታል። «ነስቡ ራያ» የተባለውን የሐዲስ ሥራ ያበረከቱት ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒም መጠሪያቸው ከእርሷ ጋር የተያያዘ ነው። ይህችን የመሰለች ከተማ ያዳከማት ምንድን ነው? ከምክንያቶቹ ትልቁ ባቡር ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. ከ1888 ጀምሮ ጅቡቲን ቆረቆሩ፤ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ቅፍለቱ በግመል ከሚጓዝበት መንገድ ባቡሩ ፈጠነ። ዘይላ ቀዘቀዘች። ሐዲዱ ተራራውን ሸሽቶ በቆላው በኩል ስላለፈ ሐረርም የንግድ መሪነቷን ለድሬዳዋ አስረከበች። አንድ ሐዲድ የባሕሩንም የደጋውንም ከተማ ዕጣ ቀየረ ማለት ነው።

ቀጥሎ ተራው የአሰብ ሆነ። እስከ እ.ኤ.አ. ግንቦት 1998 ድረስ አብዛኛው የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ በአሰብ ያልፍ ነበር። ኤርትራ ነፃ ከወጣችበት ከ1993 በኋላ እንኳን መኪናው መመላለሱን አላቆመም። ጦርነቱ ሲጀመር ግን መንገዱ ተዘጋ፤ ዕቃው በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። አሰብ ጥልቀቷ አልቀነሰም፤ ያጣችው ከጀርባዋ ያለውን አገር ነው። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ ወደብን ወደብ የሚያደርገው ከፊቱ ያለው ውኃ ብቻ ሳይሆን ከኋላው ያለው መንገድና ሰላም ጭምር ነው።

ሳጥኑ ያመጣው ለውጥ

የዓለም ወደቦችም ቦታ እየተቀያየረ ነው፤ የዘመናችን ትልቁ ምክንያት ደግሞ ኮንቴይነር የሚባለው የብረት ሳጥን ነው። ቀድሞ መርከብ ሲደርስ ወዛደሮች ጆንያውን፣ በርሜሉን፣ ጣውላውን አንድ በአንድ ተሸክመው ያወርዱ ነበር። መርከቡ ከሚጓዝበት ጊዜ ወደብ ላይ የሚቆምበት የሚበዛበት ጊዜም ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1956 አሜሪካዊው የጭነት መኪና ባለሀብት ማልኮም ማክሊን «አይዲያል ኤክስ» በተባለች መርከብ 58 ሳጥኖችን ከኒው ጀርሲ ወደ ሂዩስተን ላከ። ዕቃው ከሳጥኑ ሳይወጣ ከመኪና ወደ መርከብ፣ ከመርከብ ወደ ባቡር መተላለፍ ቻለ። በኋላ የሳጥኑ መጠን በዓለም ዙሪያ አንድ ዓይነት እንዲሆን ተደረገ፤ ባለ 20 ጫማው እንደ አንድ፣ ባለ 40 ጫማው እንደ ሁለት ይቆጠራል። በ58 ሳጥን የተጀመረው ሥራ ዛሬ አንድ መርከብ ብቻውን በባለ 20 ጫማ ሒሳብ ከ24,000 በላይ የሚጭንበት ደረጃ ደርሷል።

ትልቅ መርከብ ሁሉም ወደብ ላይ አይቆምም። ጥልቅ ውኃ፣ ረጅም ክሬን፣ ሳጥን የሚደረደርበት ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል። በለንደን መሃል የነበሩት አሮጌ ማራገፊያዎች ይህን ማሟላት ስላልቻሉ እስከ 1981 ድረስ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ዛሬ ቦታቸው ላይ የባንክ ፎቆች ቆመዋል። በአንጻሩ ዱባይ እ.ኤ.አ. በ1979 በረሃማ ዳርቻ ላይ የከፈተችው ጀበል አሊ በዓለም ከታወቁት ወደቦች አንዱ ሆነ። ፋብሪካው ወደ እስያ ሲሄድ ወደቡም ተከተለው። ከ2010 ጀምሮ የመጀመሪያውን ደረጃ የያዘው ሻንጋይ ነው፤ በ2024 ብቻ በባለ 20 ጫማ ሒሳብ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሳጥን አስተናግዷል። በኮንቴይነር ብዛት ከሚመሩት 10 ወደቦች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በቻይና ይገኛሉ።

የቀሩት ትናንሽ ወደቦችስ? ይህን በመናኸሪያ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። ከባኮ ወደ ሐረር የሚሄድ ተማሪ ቀጥታ መኪና አያገኝም፤ አዲስ አበባ ወርዶ ሌላ ይሳፈራል። ሳጥኑም እንደዚሁ ነው። ትልቁ መርከብ እንደ ጀበል አሊ፣ ኮሎምቦና ሲንጋፖር ባሉ ዋና መናኸሪያዎች ላይ ያራግፋል፤ ከዚያ አነስ ያለ መርከብ ወደየወደቡ ያደርሰዋል። በየመቀያየሪያው ጊዜም ገንዘብም ይጨመራል። ወደቦች እርስ በርስ የሚፎካከሩት ትልቁ መርከብ እነርሱ ጋ እንዲቆም ነው።

የእኛ በር ዛሬ

ዛሬ ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ጅቡቲ ለዚህ ስትዘጋጅ ቆይታለች። የዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል እ.ኤ.አ. በ2009 ተከፈተ፤ በ2017 ደግሞ ለጥቅልና ለተለያየ ጭነት የሚሆነው የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ተጨመረ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ተመርቆ በ2018 መጀመሪያ መደበኛ ሥራ ጀመረ። ወደ ውስጥ ሲገባም ሞጆ አለ፤ ባሕር የለውም፣ ግን ወደብ ነው። ነጋዴው መልቲሞዳል በሚባለው አሠራር ካስመጣ የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ዕቃውን ከውጭ ወደብ ተረክቦ ሞጆ ወይም ሌላ ደረቅ ወደብ ድረስ ያመጣለታል፤ ጉምሩኩም እዚያው ይጠናቀቃል።

ጎረቤቶቻችንም አልተኙም። በርበራ አዲስ የኮንቴይነር ተርሚናል የከፈተችው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ነው፤ የኬንያው ላሙ የመጀመሪያ ማቆሚያው ሥራ የጀመረው ከዚያ አንድ ወር ቀድሞ ነው። ኢትዮጵያ በ2018 በበርበራ 19 በመቶ ድርሻ እንድትይዝ ስምምነት ተደርጎ ነበር፤ የሚፈለግባትን ስላላሟላች ድርሻው መቅረቱን ሶማሌላንድ በ2022 አሳውቃለች። ጅቡቲም በ2018 የዶራሌን ተርሚናል ከዱባዩ ዲፒ ወርልድ እጅ ወስዳ ነገሩ እስከ ለንደን የግልግል ችሎት ደርሷል። ወደብ ውል ነው፤ ውል ደግሞ ይፈርሳል።

ከ2023 ኅዳር ወዲህ የታየው ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። ባቡል መንደብ በዐረብኛ የልቅሶ በር ማለት ነው። የየመን ሑሢዮች በዚያ በሚያልፉ መርከቦች ላይ ጥቃት ሲጀምሩ ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች ስዊዝን ትተው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞሩ፤ የእስያና የአውሮፓ ጉዞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ረዘመ። ጅቡቲ የምትገኘው ከጠባቡ በር በስተደቡብ ስለሆነ ከቻይና የሚመጣው ዕቃ በሩን ሳያልፍ ይደርስልናል። ወደ ጀርመን የሚሄደው ቡናችን ግን ወይ በበሩ ያልፋል ወይ አፍሪካን ይዞራል። ለሁለቱም የመድን ዋጋው ይጨምራል።

ክረምት አይጠብቅም

አሁን ወደ ባኮ እንመለስ። ማዳበሪያ እንደ ስልክ በሳጥን አይመጣም፤ በጥቅል ተጭኖ መጥቶ ወደብ ላይ በጆንያ ይሞላል። ሒሳቡን እንሥራው። የአንድ መርከብ ጭነት 50,000 ቶን፣ ማለትም 500,000 ኩንታል ነው እንበል። አንድ ተሳቢ 400 ኩንታል ቢጭን 1,250 ጉዞ ያስፈልጋል። በቀን 100 መኪና ቢጫን ለማጓጓዝ 12 ቀን ተኩል ይፈጃል። አንዱ መኪና አድርሶ ለመመለስ 8 ቀን ቢፈጅበት፣ በየቀኑ 100 መኪና ወደብ ላይ እንዲገኝ 800 መኪና መሰማራት አለበት። ምልልሱ ወደ 6 ቀን ቢያጥር ግን ያው ሥራ በ600 መኪና ይሠራል። 200 መኪና ሳንገዛ አተረፍን ማለት ነው። ያተረፍነው ደግሞ ከባሕሩ ሳይሆን ከመንገዱ፣ ከፍተሻ ጣቢያው፣ ከማራገፊያው ወረፋና ከወረቀቱ ነው።

ይህ ለገበሬው የቁጥር ጨዋታ አይደለም። ኤንፒኤሱ ከዘሩ ጋር መግባት አለበት፤ ዩሪያው በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ይጨመራል። ዝናቡ መርከብ አይጠብቅም። ሐዲዱ ሰበታ ላይ ስለሚያበቃ ወደ አምቦና ባኮ የሚመጣው ሁሉ በመኪና ነው፤ መንገዱ የተዘጋ ቀን ወደቡም ለባኮ ተዘጋ ማለት ነው። ዘግይቶ የደረሰ ማዳበሪያ ዋጋው ያው ነው፤ ጥቅሙ ግን ያው አይደለም። ከእኛ መካከል ስንቶቻችን የትምህርት ወጪያችን ከዚያ በቆሎ እንደሚወጣ እናውቃለን።

ሱቅ ያለውም የራሱ ጣጣ አለው። ባዶው ሳጥን በተቆረጠለት ቀን ካልተመለሰ የመርከብ ድርጅቱ በየቀኑ ቅጣት ይቆጥራል፤ ነጋዴው «ዲመሬጅ» ይለዋል፤ ቅጣቱ በዶላር ነው። አገራችን ከምትልከው የምታስገባው ስለሚበልጥ ብዙ ሳጥን ባዶውን ይመለሳል፤ የባዶው ጉዞ ዋጋም ሞልቶ በመጣው ዕቃ ላይ ይደመራል። በመጨረሻ የሚከፍለው ስልክ የሚገዛው ተማሪ ነው።

ታዲያ ምን እንላለን?

አገር የራሷ በር ቢኖራት መልካም ነው የሚለውን አንክድም። አንድ በር ብቻ ያለው ሰው በሩ ላይ ያለውን ዋጋ ይከፍላል፤ ሁለትና ሦስት በር ሲኖር መነጋገር ይቻላል። ነገር ግን ከሹዓይባ እስከ አሰብ ያየነው ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ በጦርነት የተከፈተ ወደብ አላየንም፤ የተዘጋ ግን አይተናል። ከ1998 እስከ 2000 በተደረገው ጦርነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች አለቁ፤ በዕድሜ እንደ እኛ የነበሩ ናቸው። ሁለተኛ፣ ነገ ባሕሩ ደጃችን ቢመጣ እንኳን ከኋላው ያለው መንገድ፣ መጋዘንና አሠራር ካልተስተካከለ ማዳበሪያው አሁንም ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

ሁለተኛው ደግሞ ከእኛ እጅ ብዙ አይርቅም። ሲቪል የሚማረው ወንድማችን መንገዱንና ድልድዩን፣ ሜካኒካል የምትማረው እህታችን ክሬኑንና መኪናውን፣ ኮምፒውተር የሚማሩት የጉምሩኩን ወረቀት፣ ግብርና የሚማሩት ወደ ውጭ የሚሄደውን ምርት ጥራት ይዘዋል። ባዶ የሚመለሰው ሳጥን በቡና፣ በሰሊጥና በጥራጥሬ ሲሞላ ከየትኛውም ድርድር በላይ ዋጋ ይቀንሳል።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የኸዲጃን (ረ.ዐ) ንግድ ይዘው ወደ ሻም ሲጓዙ አል-አሚን፣ ታማኙ፣ ተብለው ይጠሩ ነበር። ያ ሁሉ ዕቃ በረጅም መንገድ ላይ የሚጓዘው በአማና ነው። ወደብም እንደዚሁ ነው፤ ነጋዴ ዕቃዬ በሰዓቱና ሳይጎድል ይወጣልኛል ብሎ ባመነበት በር ይገባል። ይህን አማና ለመሸከም የምንማር ያድርገን። ለባኮ ገበሬዎችም አላህ ዝናቡን በጊዜው፣ ማዳበሪያውን ከዝናቡ ቀድሞ ያድርስላቸው፤ አሚን።

ወላሁ አዕለም።