ጠላ ለመጥመቅ ሦስት እሑድ

በዚህ በቤይሩት ለሚካኤልና ለማርያም ዝክር ጠላውን የሚጠምቁልን ጥቂት እናቶች ነበሩ። አብዛኞቹ ወደ አገራቸው ገብተዋል፤ የቀሩትም ጓዛቸውን እያሰናዱ ነው። ከእኅቶቻችን ብዙዎቹ ደግሞ ገና በልጅነት ከቤት የወጡ ናቸው። ጌሾ ወቅጠዋል፣ ጋን አጥበዋል፣ ብቅል ከፀሐይ ላይ አንሥተዋል፤ ከጥንስሱ እስከ ማጥለሉ ድረስ ግን በራሳቸው እጅ የጠመቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ባለፈው ዝክር የጠርሙስ ቢራ ተገዝቶ ቀረበ። ቢራው ነውር የለበትም፤ ነገር ግን «ጠበል ቅመሱ» ተብሎ የፋብሪካ ጠርሙስ ሲታደል ለብዙዎቻችን አልተዋጠልንም። ስለዚህ እናቶቹ ሳይሄዱ ጠይቀን ይህን ጽፈናል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ስለ አገሩ እንናገር። ይህች ጋዜጣ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈች ኩዌትና ሳዑዲ ዐረቢያ እንደምትደርስ እናውቃለን። በእነዚህ አገሮች አልኮል ያለበትን መጠጥ ማዘጋጀትም ሆነ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው፤ እስራትንና ከአገር መባረርን ያስከትላል። እዚያ ያላችሁ እኅቶች ይህን ለትዝታ አንብቡት እንጂ አትሞክሩት፤ ጌሾም በሻንጣችሁ አትያዙ። ለእናንተ ማር በውኃ በጥብጦ በዚያው ቀን የሚጠጣ ብርዝ ይበቃል። ቀሪቦ አልኮል የለውም ሲባል ብንሰማም እርሾ ገብቶበት ካደረ መፍላቱ አይቀርም። በሊባኖስ መጠጥ በሕግ የተፈቀደ ነው። ሆኖም በመዳም ቤት የምትኖር እኅት በመዳም ወጥ ቤት፣ ያለ ፈቃድ፣ ሽታው ግድግዳ የሚያልፍ ነገር ብትጠነስስ በሥራዋ ላይ ነገር ታመጣለች። ጠላው የሚጠነሰሰው በኪራይ ቤት በምትኖር እኅት ዘንድ ይሁን፤ ሌሎቻችሁ በእሑድ ዕረፍታችሁ እየሄዳችሁ ታግዟታላችሁ።

ሥራው ሦስት እሑድ ይፈጃል፤ በአራተኛው ይጠጣል። ለ20 ሊትር ያህል ግማሽ ኪሎ የጌሾ ቅጠል፣ 1 ኪሎ ብቅል፣ 3 ኪሎ ለአሻሮ የሚሆን እህል ይበቃል። እናቶቻችን በእፍኝና በቁና እንጂ በኪሎ ስለማይለኩ ይህ መነሻ ይሁናችሁ፤ በሁለተኛው ጊዜ ምላሳችሁ ያስተካክለዋል።

የመጀመሪያው እሑድ የብቅል ነው። ከአገር የመጣ ብቅል ካላችሁ ይህን እሑድ ትዘሉታላችሁ። ከሌላችሁ ገብስ ግዙ፤ እዚህ «ሸዒር» ይሉታል። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ በሱፐርማርኬት ለሾርባ የሚሸጠው ነጭ ገብስ ተፍቆ ቡቃያው ስለ ወጣ አንድ ወር ቢነከርም አይጎነቁልም። ከነገለባው ያለው ገብስ ያስፈልጋል። ለዘር የሚሸጠውን ግን አትግዙ፤ መድኃኒት የተቀባ ሊሆን ይችላል። ገብሱ አንድ ቀን ተነክሮ ውኃው ከተንጠፈጠፈ በኋላ በእርጥብ ጆንያ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል። በአገራችን በኮባ ቅጠል ይሸፈን እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። በሦስትና በአራት ቀን ሥር ያወጣል፤ ያን ጊዜ በረንዳ ላይ በፀሐይ ይደርቃል። ብቅሉ በእሳት አይታመስም። ገብሱ ሲጎነቁል የእህሉን ዱቄት ወደ ስኳር የሚለውጥ ኀይል በውስጡ ይፈጠራል፤ እርሾውም የሚበላው ይህን ስኳር ነው። ብርቱ እሳት ግን ያንን ኀይል ይገድለዋል። ብቅሉ የታመሰበት ጠላ ስንት ቀን ቢቀመጥ እህል የተዘፈዘፈበት ውኃ ነው።

በሁለተኛው እሑድ ዕቃው ይታጠባል፣ ይጠነሰሳል። ጋን በሌለበት ለምግብ የተሠራ ክዳን ያለው የፕላስቲክ በርሜል ወይም ትልቅ የማይዝግ ብረት ድስት ይሆናል። ቀለም ወይም ክሎሮክስ የነበረበት ባልዲ ምንም ቢታጠብ አይሁን። ግራዋ ስለሌለ በሙቅ ውኃ፣ በጨውና በሎሚ እሹት። ስለ ማጠን ብዙዎቻችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ጠላ ያለ ወይራ ጢስ ጠላ አይመስልምና። ደስ የሚለው ነገር የእኛ ወይራና የሊባኖስ ዘይቱን የአንድ ወገን ዛፎች መሆናቸው ነው። የደረቀ የዘይቱን እንጨት ፍም ላይ ተደርጎ ድስቱ ከላይ ይደፋበታል፤ ጢሱም ከእኛው ወይራ ብዙ አይርቅም። ፕላስቲክ ግን አይታጠንም፤ ይቀልጣል። ይህም ከቤት ውጭ ይደረግ፤ በተዘጋ ክፍል የከሰል ጭስ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል።

የተወቀጠው ጌሾ በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ፣ አፉ በጨርቅ ተሸፍኖ እስከ ረቡዕ ይቆያል። ጌሾ መራራነትን ይሰጣል፤ የሚያበላሹ ተሐዋስያንንም ይከለክላል፤ ፈረንጆች በቢራቸው ውስጥ የሚጨምሩት ሆፕ የሚባለው ተክል ሥራውም ይኸው ነው። ረቡዕ ማታ የተፈጨው ብቅልና እስኪጠቁር ተጋግሮ የተቆራረሰ ቂጣ ይጨመራል። በማግስቱ አረፋ ማውጣት ይጀምራል። አንዳንዶች የዳቦ እርሾ ጣል ያደርጉበታል፤ እውነት ነው ያፈጥናል፤ ነገር ግን ጠላው ዳቦ ዳቦ ይላል፤ እኛ አንመክርም።

በሦስተኛው እሑድ አሻሮው ይገባል። ገብስ ወይም በቆሎ፣ ወይም ሁለቱ ተቀላቅለው፣ ቡና እስኪመስሉ ታምሰው ይፈጫሉ። ካረረ ጠላው ያቃጥላል፤ ቶሎ ከወጣ መልኩ ይነጣል፤ እዚህ ላይ አንዲት እኅት ከምጣዱ አጠገብ ሳትነቃነቅ ትቁም። አሻሮው በጥንስሱ ሲለወስ ወፍራም ድፍድፍ ይሆናል። ረቡዕ ማታ ተፈልቶ የበረደ ውኃ ይሞላበታል፤ ክዳኑም ገጥሞ ይቀመጣል እንጂ ተጠርቅሞ አይዘጋም። የሚፈላው ነገር አየር ያወጣልና መውጫ ካጣ ዕቃውን ይፈነዳዋል። በዚሁ ምክንያት ገና የሚፈላ ጠላ በብርጭቆ ጠርሙስ አይታሸግም።

በአራተኛው እሑድ ጠዋት ይጠለላል። ሳይጠለል የሚጠጣው ጉሽ ለቀማሽ ደስ ይላል፤ ማግስቱን ግን ራስ ያዞራል፤ ሰኞ ጠዋት ሥራ ያላት እኅት ትጠንቀቅ። የቤት ጠላ አልኮሉ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ2 እስከ 4 ነው። በሐምሌና በነሐሴ የቤይሩት ሙቀት ሁሉን ስለሚያፈጥነው በየቀኑ ማሽተትና መቅመስ ያስፈልጋል፤ በርሜሉን በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለልም ይረዳል። ደስ የሚል ኮምጣጣ ሽታ መልካም ነው። ጥቁር ወይም አረንጓዴ ሻጋታ ከያዘ፣ የበሰበሰ ነገር ከሸተተ፣ የሦስት ሳምንት ድካም ነው ተብሎ አይታዘንለትም፤ ይደፋ።

የጠላ ነገር ሲነሣ አረቄም አብሮ መነሣቱ አልቀረም። «ድፍድፉ ካለ ለምን አናወጣም፣ ሸጠንም ለቤተሰብ እንልክበታለን» የሚሉ ገጥመውናል። አሳቡ የመጣው ከችግር እንደ ሆነ እናውቃለን። ነገር ግን በየቤቱ ተሠርቶ በስውር የሚሸጥ መጠጥ ምን እንዳለበት ገዢው አያውቅም። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በኩዌት ሜታኖል የተባለ መርዝ ባለበት መጠጥ 23 ሰዎች ሲሞቱ ብርሃናቸውን ያጡም ነበሩ፤ ሁሉም እንደ እኛ ለሥራ የሄዱ ስደተኞች ነበሩ ማለት ይቻላል። ጠላው ለዝክር ይጠመቅ፣ በማኅበር ይጠጣ፤ አይሸጥ፣ አረቄም አይውጣ።

ከተጠለለው የተረፈው አተላ አይጣል፤ ውኃ ጨምራችሁ አሳድሩት፤ ቅራሪ ይወጣዋል፤ ብርቱ መጠጥ ለማይወዱት ይሆናል። ለግንቦት ልደታ ሚያዝያ ሲጋመስ መጠንሰስ ይኖርበታል። እስከዚያ ከአገር የምትመለስ እኅት ካለች ግማሽ ኪሎ ጌሾ በታሸገ ከረጢት፣ ስሙ በላዩ ተጽፎ ይዛ ትምጣ፤ በጉምሩክ የደረቀ ቅጠል ብዙ ያስጠይቃልና። ቤቷን የምትፈቅድ እኅትም ከቅዳሴ በኋላ ለማኅበሩ ጸሐፊ ትንገር።